ኮከብ፣ አንድ ሁለት ሰባት፣ መሰላል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየወቀጠው ነው፣ ድምፁ ከገባባችሁ ይቅርታ። መብራትም ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ሄዶ መጥቷል፤ አሁን ላፕቶፔ በባትሪ ነው ያለው። ባትሪው ሳያልቅ ልጨርስ።

ነገሩ የጀመረው ደብረ ብርሃን ነው። ለፋሲካ ያሳደገችኝ አክስቴ ጋ ሄጄ ነበር። እቴቴ ነው የምንላት፤ ሰፈሩም እቴቴ ነው የሚላት። ከበዓሉ ቀደም ብዬ ለዶሮና ለቅቤ የሚሆን ብር በቴሌብር ልኬላት ነበርና፣ "ደረሰሽ?" አልኳት። "ደርሷል መሰለኝ፣ ስልኩ ጮኋል" አለችኝ። መጮሁን ታውቃለች። ስንት እንደሆነ ለማወቅ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ማዕዘኑ ላይ ወዳለው ሱቅ መሄድ አለባት። አብሬያት ሄድኩ።

ሱቁ በር ላይ ሽንኩርት የሚያስመዝን፣ ዘይት የሚጠይቅ፣ ካርድ የሚገዛ፣ ሰባት ስምንት ሰው ቆሟል። እቴቴ ስልኳን በሰው ትከሻ ላይ አሻግራ ለባለሱቁ ልጅ ሰጠችው። ልጁ ቀና እንኳን ሳይል "ኮከብ፣ አንድ ሁለት ሰባት፣ መሰላል" እያለ ነካካና፣ "እቴቴ፣ ቁጥሩ?" አላት። እሷም የሚስጥር ቁጥሯን፣ ስድስቱንም፣ ዕድር ላይ ስም እንደሚጠራ ሰው ድምጿን ከፍ አድርጋ ነገረችው።

ደንግጬ ክንዷን ያዝኩ። "እቴቴ! ይሄ እኮ ሚስጥር ነው!"

"ከማን?" አለችኝ። ዞር ብላ ሰዉን አየችው። "ይቺ የዕድራችን ዳኛ ሚስት ናት። ያ ጎረቤቴ ነው። ይሄን ልጅ እናቱ ስትወልደው ገንፎውን ያገነፋሁት እኔ ነኝ። ከማን ነው የምደብቀው?"

መልስ አልነበረኝም። አሁንም ብዙ የለኝም፣ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ምክንያቱም ሥራዬ ሆኖ ስለዚህ ዲጂታል ክፍተት ስለሚሉት ነገር፣ ኢንተርኔት ባለውና በሌለው ሰው መካከል ስላለው ርቀት፣ ብዙ ወረቀት አነባለሁ። ወረቀቶቹ ውስጥ እቴቴን ፈልጌ የማገኛት በአንድ መልክ ብቻ ነው፤ እንደ ቁጥር።

ቁጥሩን ልንገራችሁ። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት፣ አይቲዩ የሚባለው፣ በየዓመቱ ስንት ሰው ኢንተርኔት ላይ እንዳለ ያወጣል። እ.ኤ.አ. የ2024ቱ ግምት 5.5 ቢሊዮን ሰው ተጠቃሚ ነው፣ 2.6 ቢሊዮኑ ገና ነው ይላል። በዓለም ደረጃ ከመቶ 68 መሆኑ ነው፤ አፍሪካ ላይ ሲደርስ 38 ይሆናል። ጥሩ። ተጠቃሚ የሚባለው ማን ነው ብላችሁ ስትጠይቁ ግን፣ ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ፣ ከየትም ይሁን በምንም ዕቃ፣ ኢንተርኔት የተጠቀመ ሰው ነው። አንዴም ይበቃል።

እቴቴ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከልጇ ጋር በኢሞ ታወራለች። ልጇ ኩዌት ሰው ቤት ትሠራለች። የምትደውለው ልጅቷ ናት፤ እቴቴ አረንጓዴውን ትነካለች፣ ከዚያ ስልኩን ፊቷ ላይ ልትለጥፈው ትደርሳለች፤ ልጅቷ ለስድስት ዓመት ስታይ የኖረችው የእናቷን ግማሽ ግንባርና የሳሎኑን ኮርኒስ ነው። ራሷ መደወል አትችልም። መልእክት ሲመጣ አትከፍትም። ብሯን አታይም። በአይቲዩ ሂሳብ ግን ከ5.5 ቢሊዮኑ አንዷ ናት። ተሻግራለች ማለት ነው።

ሌላ ቁጥር ደግሞ አለ፣ እኔን ከሁሉም የሚያስገርመኝ እሱ ነው። የሞባይል ኩባንያዎቹ ማኅበር፣ ጂኤስኤምኤ፣ በ2024 ባወጣው ሪፖርት ከዓለም ሕዝብ የሞባይል ኢንተርኔት ጨርሶ በማይደርስበት ቦታ የሚኖረው 4 በመቶ ብቻ ነው ይላል፤ ወደ 350 ሚሊዮን ሰው። ኔትዎርኩ እቤቱ ድረስ እየመጣ የማይጠቀመው ግን 39 በመቶ ነው። 3.1 ቢሊዮን ሰው! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የምንለው ይሄንን ነው። ታወሩ ቆሟል፣ ሰውየው ከታወሩ ሥር በሬውን ያጠምዳል፣ በመካከላቸው ግን ምንም የለም።

ታዲያ ዓለም ሲያዋጣ የኖረው ለየትኛው ነው? ለ4ቱ ነው ለ39ኙ?

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ይሄ ጭንቀት በኢንተርኔት የተጀመረ አይደለም፤ በስልክ ነው የተጀመረው። ይኸው አይቲዩ እ.ኤ.አ. በ1982 ናይሮቢ ላይ ተሰብስቦ አንድ ኮሚሽን እንዲቋቋም ወሰነ፤ ሰብሳቢው ሰር ዶናልድ ሜትላንድ የሚባሉ የብሪታንያ ዲፕሎማት ነበሩ። ሪፖርታቸው በ1984 መጨረሻ ላይ ተጠናቀቀ። ያኔ በዓለም ላይ ወደ 600 ሚሊዮን ስልክ ነበር፤ ከአራት ሦስቱ እጅ በዘጠኝ አገሮች ውስጥ። ቶኪዮ ብቻዋን ከመላው አፍሪካ የበለጠ ስልክ ነበራት። አንድ ከተማ ከአንድ አህጉር! ኮሚሽኑ ያስቀመጠው ግብ ሲነበብ ዛሬም ደስ ይላል፤ በቀጣዩ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የሰው ልጅ በሙሉ ማለት ይቻላል ስልክ በአቅራቢያው ያግኝ ነው የሚለው።

1984 እንግዲህ በእኛ 77 ነው። የድርቁ ዓመት። እነዚያ ሰዎች የማን ስልክ የት እንዳለ ሲቆጥሩ፣ ከኮረም የወጣው ምስል በጥቅምት ወር ዓለምን አዳርሶ ነበር። ይሄን ሳስብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ፤ ምስሉ ከኮረም ወጣ፣ የሄደው በአንድ አቅጣጫ ነው። ካሜራው ፊት የነበሩት ሰዎች ማን እንዳያቸውም አላወቁ። ... ይቅርታ፣ ከመንገዴ ወጣሁ። ግን ያን ያህልም አልወጣሁም።

ከዚያ የኔ ትውልድ ወደሚያስታውሰው ዘመን እንምጣ፤ የኮምፒውተር ዘመን። የተባበሩት መንግሥታት የኢንፎርሜሽን ማኅበረሰብ የመሪዎች ጉባኤ የሚባለውን በሁለት ዙር አካሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ጄኔቫ፣ በ2005 ኅዳር ላይ ቱኒስ። ቱኒስ ላይ ኤምአይቲ ከሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ አንዲት አረንጓዴ ላፕቶፕ ይዘው መድረክ ላይ ወጡ። አጠገባቸው የያኔው የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን አሉ። ላፕቶፗ መቶ ዶላር ብቻ ታወጣለች፣ መብራት በሌለበት ደግሞ በጎኗ ያለችውን ቢጫ እጀታ እንደ ቡና ወፍጮ እያዞሩ ኃይል ይሰጧታል ተባለ። አናን እጀታዋን ሊያዞሩ ሲሉ ተነቅላ እጃቸው ላይ ቀረች።

ይሄን ታሪክ ለማሾፍ ብዬ አይደለም የማነሳው፤ እሺ፣ ትንሽም ለማሾፍ ነው። በኋላ ፋብሪካ ገብታ የወጣችው ላፕቶፕ እጀታም አልነበራት፣ መቶ ዶላርም አልሆነች፤ ወደ እጥፉ ሄደች። ፔሩ በመቶ ሺዎች ገዛች። ከዚያ የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ተመራማሪዎች 319 የገጠር ትምህርት ቤቶችን ወስደው ላፕቶፕ የደረሳቸውን ካልደረሳቸው ጋር ለአሥራ አምስት ወር ያህል አወዳደሩ። በሂሳብና በቋንቋ ፈተና ለውጥ አላገኙም። ልጆቹ በሌላ የማሰብ ችሎታ መለኪያ ትንሽ ሻል ብለው ተገኝተዋል፤ ለፍትሕ ያህል እሱንም ልናገር።

ወደኛ አገር ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2012 የላፕቶፗ ሰዎች ሁለት የኦሮሚያ ቦታዎችን መረጡ፤ አንዱ ወንጪ፣ ያ ከወሊሶና ከአምቦ መካከል ያለው ተራራ ላይ፣ ሁለተኛው ከአዳማ ወዲያ ወለንጪቲ፣ ቆላው ውስጥ። በየቦታው ወደ ሃያ ለሚሆኑ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ልጆች ታብሌት አመጡ፤ በካርቶን እንደታሸገ። አስተማሪ የለም፣ ማብራሪያ የለም። ለአዋቂዎቹ በፀሐይ ኃይል ቻርጅ ማድረጉን አሳይተው ሄዱ። ኔግሮፖንቴ በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ በአንድ ጉባኤ ሲናገሩ፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አግኝቶ አበራው አሉ። በአምስት ቀን እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 አፕ ይከፍት ነበር። በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር መንደሩ ውስጥ ይዘመር ጀመር። በአምስት ወር ደግሞ ሆን ተብሎ በሶፍትዌር የተዘጋውን ካሜራ ልጆቹ ሰብረው ከፈቱት።

ዓለም በጣም ወደደው ይሄን ታሪክ። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ፀጉሬ ቆሞ ነበር። ልጆቹን አሁንም አደንቃለሁ፤ ካሜራውን ሰብሮ የከፈተውን ልጅ ዛሬ ባገኘው ሥራ እሰጠው ነበር። ግን ሁለት ነገር ይከነክነኛል።

አንደኛው፣ ታብሌቶቹ የሚናገሩት እንግሊዝኛ ነበር። የሙከራው ጥያቄም፣ ልጆች ያለ አስተማሪ እንግሊዝኛ ማንበብ ይማራሉ ወይ የሚል ነበር። የወንጪ ልጅ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው። በዚያ ወረት ውስጥ "ለምን በኦሮምኛ አላደረጋችሁትም?" ብሎ ጮክ ብሎ የጠየቀ ብዙ ሰው አላየሁም። ስለ መንደሮቹ ሲጻፍ ደግሞ ልጆቹ ጽሑፍ የሚባል ነገር አይተው የማያውቁ ተደርገው ነው። ወንጪ የሄደ ሰው ያውቃል፤ ሐይቁ መካከል ደሴት አለ፣ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ። ልጆቹ ማንበብ ላይችሉ ይችላሉ፤ ጽሑፍ ግን ለዚያ ተራራ እንግዳ አይደለም።

ሁለተኛው፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ የምወደው ሰውዬ ማንም የማያወራለት ነው። ኢንተርኔት ስለሌለ፣ በየሳምንቱ አንድ ቴክኒሻን እየሄደ የታብሌቶቹን ሚሞሪ ካርድ ይለውጥ ነበር። የሞላውን ያወጣል፣ አዲሱን ይከታል፣ ይመለሳል፤ የልጆቹ ውሎ የተመዘገበው በዚያ ካርድ ነው። 47 አፕ የተባለውም የታወቀው በሱ እግር ነው። እንግዲህ አስቡት፤ "ያለ ሰው፣ በዕቃው ብቻ" የተባለው ሙከራ ኔትዎርኩ ሰው ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ወንጪ ሄጄ ፈረስ የሚመራልኝን ልጅ ስለ ታብሌቶቹ ጠየቅኩት። "የኛ መንደር አልነበረም" አለኝ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የራሱን ቲክቶክ አሳየኝ። ፈረሱ ከኔ የበለጠ ተከታይ አለው።

አሁን ስለ ራሴ ላውራ። በ1997 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ፕላዝማ! ከሳተላይት የሚወርድ ትምህርት። አንድ ትልቅ ጠፍጣፋ ቲቪ በብረት ሳጥን ታስሮ ግድግዳችን ላይ ተሰቀለ፤ የሳጥኑ ቁልፍ አንድ ሰው ጋ ነው፣ እሱ ከቀረ ትምህርትም ቀረ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀረጸ ነበር። መምህሩ በራሱ እንግሊዝኛ፣ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። ጥያቄ ይጠይቀናል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ "በጣም ጥሩ!" ይለናል። ማን ምን መልሶ ነው ጎበዝ? ስልሳ ልጅ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል! ስዕሉን ገልብጡ ይላል፣ ማስመሪያዬን ሳወጣ ስዕሉ ይጠፋል። የኬሚስትሪ ደብተሬ በግማሽ በተሳሉ ብልቃጦች የተሞላ ነበር።

የክፍሉ መምህራችን መጀመሪያ ላይ አምስት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ ነበረው። በመካከል ያለውን ጊዜ ጥግ ላይ ቆሞ እንደኛው ቲቪ ያያል። አሥራ ምናምን ዓመት ያስተማረ ሰው! ፊቱን አሁንም አስታውሰዋለሁ። መብራት ሲሄድ ክፍሉ በሙሉ ይጮሃል፣ በደስታ። ያኔ መምህራችን ጠመኔውን አንስቶ፣ አቧራውን በጣቱ አራግፎ፣ በአማርኛ እየቀላቀለ ያስረዳናል። ኬሚስትሪ ውስጥ ሞል የሚባለው ነገር የገባኝ መብራት በሄደ ቀን ነው።

ፕላዝማው ክፉ ነበር ማለቴ አይደለም። የሚሰማው ልጅ ነበር፤ አንድ የክፍላችን ልጅ በሱ ፊዚክስ ወዶ ዛሬ ኢንጂነር ነው። ያመጡት ሰዎችም ያሰቡት ደግ ነው፤ ጥሩ መምህር የማያገኝ የገጠር ልጅ ከከተሜው እኩል ይማር ነው። ግን የተቆጠረው የተሰቀለው ቲቪ ነው። የገባው ልጅ ለመቆጠር አስቸጋሪ ነው። ታወር ይቆጠራል፣ ታብሌት ይቆጠራል፣ ሪባን የሚቆረጥበት ነገር ሁሉ ይቆጠራል።

ሪባን ያልተቆረጠለት ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 መስከረም ላይ ዩኒኮድ የሚባለው፣ የዓለምን ፊደላት ሁሉ ለኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ስምምነት፣ ሦስተኛው ዕትሙ ወጣ። እዚያ ውስጥ የኛ ፊደል ገባ። ሀ ቁጥሯን አገኘች። ከዚያ በፊት የነበረውን የሚያውቅ ያውቃል፤ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ መላ ነበረው፣ እዚህ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ እዚያ ቤት ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ይሆናል። ቢሮ ለቢሮ ፎንት መለዋወጥ ነበር ሥራው። ዩኒኮድ ከገባም በኋላ ስልክና ኮምፒውተሩ ሁሉ ፊደሉን በትክክል እስኪያሳይ ዓመታት ፈጅቷል። ነገር ግን ዛሬ እናንተ በቴሌግራም አማርኛ የምትጽፉት፣ እቴቴ ስልክ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ የሚታየው፣ ጥቂት ሰዎች በፊደል ሠንጠረዥ ላይ ተቀምጠው ስለተከራከሩ ነው። ከመቶ ዶላሯ ላፕቶፕ ጋር አስተያዩትና ፍረዱ። እኔ ፈርጃለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ዘልዬ ባልፈው ቅር ይለኛል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የኢንተርኔት አስተዳደር ፎረም እዚሁ አዲስ አበባ፣ ኢሲኤ በሚባለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዳራሽ ተካሂዶ ነበር። ከመላው ዓለም ሰው መጥቶ ማንም ወደ ኋላ እንዳይቀር ሲባል፣ ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ኢንተርኔት ተቋርጦባት ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት አማራ ክልል ውስጥ ተቋረጠ፣ ለወራት። የእቴቴ የእሁድ ኢሞ ቆመ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ትመለሳለች፣ ስልኩን ሶፋው ክንድ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ትጠብቃለች። ከኩዌት በቀጥታ መደወል ውድ ነው፤ ልጅቷ ስትደውል ለሁለት ደቂቃ ነው፣ ሁለቱም "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ብለው ይዘጋል። ይሄኛው ክፍተት ድልድይ ባለመኖሩ የመጣ አይደለም። ስለዚህ ነገር በየጉባኤው የሚነገረው ከሚገባው በጣም ያነሰ ይመስለኛል።

እሺ። ወደ ፋሲካው ልመለስ።

እቴቴ ማንበብ ትችላለች። ይሄን አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ። ቀስ ብላ፣ ፊደሉ ትልቅ ከሆነ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች። የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፣ በ1972 ዓ.ም. ገደማ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላት። ዘመቻው በ1971 መጨረሻ ነው የተጀመረው፤ በጥቂት ቋንቋዎች ተጀምሮ በኋላ አሥራ አምስት ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የማንበብ ሽልማት አግኝቷል። መንግሥቱ ደርግ ነው፤ ስለዚያ ዘመን እቴቴ የምትናገረው ሌላ ብዙ ነገር አለ፣ ሁሉም ለፖድካስት አይሆንም። ስለ ፊደሉ ስትጠይቋት ግን ፊቷ ይለወጣል። ያስተማረቻት ከአዲስ አበባ የመጣች ተማሪ ናት፤ በኩራዝ፣ ማታ ማታ፣ ከከብት መልስ። "እጄን ይዛ ነው ያጻፈችኝ" ትላለች። የምስክር ወረቀቷ እስከ ዛሬ ሳሎን ውስጥ፣ ከማርያም ስዕል ቀጥሎ ተሰቅሏል።

እናም በማግሥቱ፣ ፍየሉ ታርዶ ቡናው እየተፈላ፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ። "ዛሬ እኔ ዘማች ነኝ" አልኳት። ሳቀች። የስልኩን ቋንቋ ወደ አማርኛ ለወጥኩት፣ ፊደሉን እስከሚችለው ድረስ አተለቅኩት። መነጽሯን አድርጋ ማንበብ ጀመረች።

"ቅን... ብ... ሮች። ቅንብሮች። ምንድን ነው ቅንብር? የዘፈን ነው?"

ምን ልበላት? እውነቷን ነው። ቅንብር የምንለው የዘፈን ነው። ይሄን የተረጎመው ሰው እቴቴን አላሰባትም። "ማስተካከያ ነው" አልኳት። "ታዲያ ማስተካከያ አይሉም?" አለችና ቀጠለች። ግማሽ ቀን ፈጀብን። ቀሪ ሂሳቧን ማየት ተማረች፣ ረሳችው፣ እንደገና ተማረች። የሚስጥር ቁጥሯንም ቀየርን። ይሄን የጠየቅኳት እኔ ነኝ፤ ገንፎውን እያስታወሰች አኩርፋ ነው የተስማማችው።

የድምፅ መልእክት ግን ወደደችው። ማይኩን ተጭኖ መያዝ፣ ማውራት፣ መልቀቅ። ቀላል ይመስላል አይደል? መጀመሪያ ትነካዋለች፣ ትለቀዋለች፣ ከዚያ ማውራት ትጀምራለች። ለልጇ በተከታታይ አራት የአንድ አንድ ሴኮንድ ዝምታ ላክን። አምስተኛው ላይ እጇን ያዝኩ፣ አውራ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጌ እላዩ ላይ የኔን ጣት ጫንኩበት። "አሁን ተናገሪ" አልኳት። የምትለው ጠፋባት። ልጇ በሌለችበት፣ መልስ ሳይሰጣት ማውራት አልሆነላትም። ስልኩን ዝም ብላ ታየዋለች። ከኋላችን ጎረቤቷ ቡና ይወቅጣል ... አይ፣ ትወቅጣለች፣ ሴት ናት፣ ይቅርታ። ጣታችንን ስናነሳ አርባ ሴኮንድ ሆኖ ነበር፤ አርባ ሴኮንድ ሙቀጫ፣ መጨረሻ ላይ የእቴቴ "ኧረ ምን ልበላት!"

ማታ መልስ መጣ። ልጅቷ ነች፣ በሹክሹክታ፣ አሠሪዎቿ ተኝተዋል መሰለኝ። "እማዬ፣ ሙቀጫውን ሰማሁት" አለች። ከዚያ ሌላ ነገር ትናገራለች፣ እሱን ለራሳችን ይሁን። እቴቴ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። አራተኛውን ራሷ ነካችው።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ቢሆነኝ ነው፣ ጠዋት በቀጥታ ስልክ ተደወለልኝ። እቴቴ ናት፤ ራሷ ደውላ ነው! ሱቅ በር ላይ ናት፣ ሰው ሲያወራ ይሰማኛል፣ ሚዛኑ ሲንኳኳ ይሰማኛል።

"አንቺ ልጅ፣ ያን አዲሱን ቁጥር ረሳሁት እኮ" አለችኝ።

"እቴቴ፣ ቤት ግቢና ልንገርሽ።"

"ምን ቤት ያስገባኛል? ልጁ እዚሁ ነው፣ ልስጥሽ።" ስልኩን በሰው ትከሻ ላይ ስታሻግረው ታየኝ።

"አቤት እህቴ፣ ቁጥሩ?" አለኝ ባለሱቁ ልጅ።

ነገርኩት። ስድስቱንም።